የላፕቶፔ ሞተር

ላፕቶፔ ስትነሳ ግቢው በሙሉ ይሰማት ነበር። ስትገዛም ርካሽ ነበረች፤ አሁን ደግሞ አርጅታለች። ከታናሽ ወንድሜ ጋር የመኪና እሽቅድምድም ስንጫወት ማራገቢያዋ ይጮኻል፣ ሆዷ ይግላል፣ ምስሉ እየቆመ ይሄዳል። አንድ ኪቦርድ ለሁለት ነበር የምንካፈለው፤ እሱ ቀስቶቹን፣ እኔ ፊደሎቹን። ሊሸነፍ ሲል በክርኑ እጄን ይገፋል። እኔ ደግሞ ቱግ ማለት ልማዴ ነው፤ ስንቴ ተኮራርፈን ሳንጨርስ ዘግተናታል። አሁን ሳስበው ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ደስታ ነበር።

የምንኖረው ወሰን ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ፣ ተከራይ በበዛበት ግቢ ውስጥ ነበር። የእኛን ክፍል ከጎረቤታችን የሚለየው ስስ የችፑድ ግድግዳ ብቻ ነው። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ሰው የላቸውም። አንድ ምሽት ጌሙ መሀል ላይ እያለን ችፑዱን አንኳኩ። በማግስቱ ቧንቧው ጋ ስንገናኝ፣ ያ ሞተርሽ አጯጯሁ የጤና አይደለም አሉኝ። ረበሻችሁኝ ማለታቸው መስሎኝ ደሜ ፈላ። ቤቱን የሠራሁት እኔ አይደለሁም ብዬ ጀሪካኔን አንጠልጥዬ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ አላለፍንም።

ከዚያ ወንድሜ ሥራ አገኘና ሰመራ ገባ። መጀመሪያ አካባቢ በየቀኑ ይደውል ነበር። ግን እኛ ቁጭ ብለን ማውራት ለምደን አናውቅም፤ ወሬያችን ሁሉ ጌም ላይ ነበር። በላህ? በላሁ። ሞቀህ? ሞቀኝ። በረደሽ? በረደኝ። ከዚያ ዝም። ስልኩን ስዘጋው ከመደወሉ በፊት ከነበረው ይብስብኛል፤ እንቅልፌ እስኪመጣ ላፕቶፗን ከፍቼ ፊልም አያለሁ።

እዚያ አዲስ ላፕቶፕ ገዛ። ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በኢንተርኔት የሚጫወቱት አዲስ እሽቅድምድም አለ፤ ማውራትም ይቻላል። እኔም ልግባ ስለው ሳቀ። ያቺ አሮጊት አትችለውም አለኝ። ጫንኩት፣ እውነቱን ነው፤ መኪናዬ መነሻው ላይ ስታክ አድርጋ ቀረች። ሰው ከፊቴ በሩን የዘጋብኝ ያህል ተናደድኩ። አንጎሏን፣ ፕሮሰሰሯን ካልቀየርኩ ሰው አይደለሁም አልኩ። ወንድሜን የማገኝበት ሌላ መንገድ አልታየኝም።

መገናኛ አንድ የላፕቶፕ ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። ፕሮሰሰር ከምትቀይሪ ላፕቶፕ ቀይሪ ብሎ ሊሸኘኝ ነበር። አልሄድም አልኩት። ገልበጥ አድርጎ ሲያያት ሞዴሏ ከድሮዎቹ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ቦርዱ ላይ አልተበየደም፣ ይነቀላል። ስክሪኑ ከተሰበረ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ፈጠን ያለውን ነቅሎ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። እሱ እንዲገጥምልኝ ግን አልፈለግኩም። ይህን ነገር በገዛ እጄ ልሠራው ፈለግኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ክረምት ነው፤ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በጉም ተሸፍኖ አይታይም። ብሎኖቹን እያወጣሁ በየቦታቸው ቅደም ተከተል ሳህን ላይ ደረደርኩ። ማራገቢያውን ሳነሳ አቧራው እንደ ትራስ ጥጥ ተጠቅጥቆበታል። እውነት ለመናገር ያ ሁሉ ዓመት በዚህ እንዴት እንደተነፈሰች ገረመኝ። ጠራረግኩላት፣ አሮጌውን ነቀልኩ፣ አዲሱን አስቀመጥኩ፣ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት ቀባሁ፣ ዘጋሁ። አንዲት ብሎን ተረፈችኝ። ከየት እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም።

በራች። ድምፅ የለም። ማራገቢያዋ ተቃጠለ ብዬ ክው አልኩ፤ እጄን ሙቀት በምታስወጣበት አፏ ላይ ባደርግ ግን ቀስ ብላ ትተነፍሳለች። ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅኩ። የምነግረው ሰው ፈልጌ ዞር አልኩ፣ ማንም የለም።

የዚያኑ ዕለት ምሽት አዲሱ ጌም ገባሁ። መኪናዬ በረረች። ወንድሜ ማመን አቃተው፣ እህቴ ናት ብሎ ለጓደኞቹ አስተዋወቀኝ። እነሱም ጨዋዎች ናቸው፤ ሰላም አሉኝ። ከዚያ የራሳቸውን ወሬ ቀጠሉ። ስለማላውቀው አለቃ፣ ስለማላውቀው ምግብ ቤት ይሳሳቃሉ። ወንድሜ እዚያ ውስጥ ድምፁ ሌላ ነው። ክርኑም የለም። ነገ እኔና አንቺ ብቻ እንጫወታለን አለኝና ወጣሁላቸው። በነጋታው አልገባም። ከነጋታው ቀጥሎም ሥራ በዝቶበት ኖሮ አልገባም። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሰው አግኝቶ ነው። እኔ ግን ከፋኝ። ያቺን ላፕቶፕ ለእሱ ብዬ ነበር ያዳንኳት።

የዚያን ሰሞን በየምሽቱ ከፍቼ እጠብቀው ነበር። ላፕቶፗ ዝም፣ እኔም ዝም። ጎረቤቴ ሬዲዮናቸውን ከወትሮው ከፍ አድርገው ሲከፍቱ ይሰማኛል። ደግሞ አሁን ተራቸው ነው ብዬ በሆዴ ተነጫነጭኩ።

አንድ ምሽት በሬ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ናቸው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝናቡ ላይ ቆመዋል። ግቡ ብላቸው አልገቡም። በትከሻዬ አሳልፈው ውስጡን ቃኘት አደረጉ።

«ሞተርሽ ሰሞኑን አልተሰማኝም። አሞሽ ይሆን ብዬ ነው።»

አስተካክዬው ነው ጋሼ፣ ከእንግዲህ አይረብሽዎትም አልኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር።

«ማን ረበሸኝ አለ? ያኔ ያልኩሽ ሞተሩ ግሎ እንዳይነክስብሽ፣ ቀጥ እንዳይልብሽ ሰግቼ ነው እንጂ።» ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ወንድምሽ ከሄደ ወዲህ፣ ሞተርሽን ስሰማ ሰው አለ እያልኩ ነበር የምተኛው።»

እኔ ከሰመራ ድምፅ ስጠብቅ፣ ከችፑዱ ወዲያ የእኔን የሚጠብቅ ሰው ነበር። ደህና እደሪ ብለውኝ ኩሬውን እየዘለሉ ወደ ክፍላቸው ሄዱ። ወዲያው ሬዲዮናቸው ጮኸ።

ላፕቶፗን አጥፍቼ አበራሁና ከዊንዶውሱ በፊት የሚመጣው የማስተካከያ ገጽ ላይ ገባሁ። ፕሮሰሰሩ መታወቁን ሳረጋግጥ ያየኋት አንዲት ምርጫ ነበረች፤ ማራገቢያው ሁልጊዜ ይዙር የምትል። እሷን መረጥኩ። ድምፁ እንደ ድሮው አይደለም፣ ግን ተነሳ። ላፕቶፗን ከጠረጴዛው አንስቼ ችፑዱ ሥር ወስጄ አስቀመጥኳት።

የድሮውን እሽቅድምድም ከፈትኩና በፊደሎቹ በኩል ብቻዬን መንዳት ጀመርኩ። የወንድሜ መኪና መነሻው ላይ ቆማለች። አንድ ዙር ሳልጨርስ ከወዲያ በኩል ሬዲዮኑ ጠፋ።