ፕሮቶን አምፖል መሰለሽ?

ምላሴ ከአእምሮዬ ይቀድማል። ከሚሴ ፊዚክስ ሳስተምር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ያስተማርኋቸው ሁሉ ይመሰክሩብኛል።

አንድ ቀን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች፣ አቶም ኃይል ሲያገኝ እንደሚነቃቃና ወደ ነበረበት ሲመለስ ብርሃን እንደሚሰጥ አስረዳሁ። ከፊተኛው ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ፕሮቶንስ? እሱም ሲመታ ብርሃን ይሰጣል?» መልሱን አላውቀውም ነበር። አላውቅም ማለት ደግሞ ሞት መሰለኝ። «ፕሮቶን አምፖል መሰለሽ? ቁጭ በይ!» አልኋት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ዓመቱ ሳያልቅ ዐረብ አገር ሄደች ተባለ። የከሚሴ ሴት ልጅ መሄዷ አዲስ ነገር አይደለምና ወንበሯን ለሌላ ሰጠሁት።

ከዓመታት በኋላ በየክረምቱ ለሁለተኛ ዲግሪ ስማር፣ ስለ ባሪዮኖች፣ ማለትም ስለ ፕሮቶንና መሰሎቹ ተማርን። ፕሮቶን ሲመታ ለቅጽበት ሽራፊ ይነቃቃል። አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቅንጣት ተፍቶ ይረጋጋል፤ አልፎ አልፎ ግን ለዓይን የማይታይ ብርሃን ብቻ ሰጥቶ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ውስጡ ምን እንደሚመስል፣ ድቡልቡል መሆን አለመሆኑ እንኳ የሚጠናው በዚያ ብርሃን ጭምር ነው። እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ እኔ ግን የወጋሁት ራሴ ሆኜ መርሳት አቃተኝ።

ባለፈው ዓመት ተመለሰች ሲሉኝ ፈልጌ አገኘኋት። ገበያ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ ትሸጣለች። «ነጋ ጅርቱ መምህር!» ብላ በኦሮምኛ ደኅንነቴን ጠይቃ በርጩማዋን ለቀቀችልኝ። ያኔ ልክ ነበርሽ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኋት፤ ስለ ብርሃኑም ነገርኋት። ጆግ እየወለወለች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ወላሂ መምህር፣ ያን ቀን የፈለግኩዎ ለሌላ ነበር» አለች። «አባቴ ትምህርት ይብቃሽ፣ ሂጂ ብሎኝ ነበር። እርስዎን ያከብርዎታል፤ እንዲያናግሩልኝ ከክፍል በኋላ ልለምንዎ ነበር። ከዚያ አፈርኩና ተውኩት።»

አባቷ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ልብስ ይሰፋሉ። ክፍሉ የሳቀባት ዕለት ከሥራ ስወጣ ሱሪዬን ላሳጥር እሳቸው ዘንድ ገብቼ፣ የልጃቸውን ጥያቄ ነግሬያቸው አብረን ስቀን ነበር።