ልጄን ማናገር የጀመርኩ ጊዜ

ልጄ የተወለደችው ከጎፋ ወደ ላፍቶ በገባን በሁለተኛው ወር ነው። ጎፋ የተከራየንበት ግቢ ስድስት አባወራ ነበረበት፤ አንዱ ቤት ሲያስነጥሱ ሌላው ቤት ሆነው «ይማርሽ» ይሉ ነበር። ልጅ ከመጣ የራሳችን በር ያለው ቤት ይሻላል ብለን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራየን። ባለቤቴ ቀያሽ ነው። ዕቃውን አስገብቶ መጋረጃውን ሰቀለና ደቡብ ወዳለው የመንገድ ሥራ ሄደ። ስወልድ የአምስት ቀን ፈቃድ ሰጡት፤ መጥቶ ልጁን አቅፎ ተመለሰ።

እናቴ በሕይወት የለችም። አራስ ሳለሁ ገንፎ እያገነፋች፣ ልጅቷን እያጠበች አርባ ቀን አብራኝ የከረመችው የባለቤቴ እህት ናት። እሷም ቤትና ልጆች አሏት፤ ወደ ደብረ ማርቆስ መመለስ ነበረባት።

በሄደች በአራተኛው ቀን ዳይፐር ስቀይር ልጄ አየችኝና ፈገግ አለች። ሕፃናት እንቅልፍ ላይ ሆነው እንደሚያደርጉት አይደለም፤ ዓይኔን እያየች ነው።

«አየሻት?» ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ማንም አልነበረም።

ስልኬን እስካነሳ ፈገግታው ጠፋ። ቢሆንም ፎቶ አንስቼ ለአባቷ ላክሁለት። እሱ ያለበት ቦታ ኔትወርክ የሚያገኘው ኮረብታ ላይ ሲወጣ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ «የቱ ጋ ነው የሳቀችው?» ብሎ ጻፈልኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ተደባልቀውብኛል። ከመውለዴ በፊት ሥራዬ ስልክ እያነሱ ደንበኛ ማነጋገር ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ስናገር ውዬ ማታ ጉሮሮዬ ይነድዳል። አሁን ግን አጠባለሁ፣ አጥባለሁ፣ አሰጣለሁ፤ መስኮት ላይ ቆሜ ከታች የሚሄዱትን ሚኒባሶች አያለሁ። ልጄም ዝም ያለች ልጅ ሆነች። አታስቸግርም። ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ትተኛለች። እኔም ጨዋ ልጅ ሰጠኝ እያልኩ አመሰግን ነበር።

ሦስት ወር ተኩል ሲሆናት ለክትባት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ጠና ያለች ሴት ናት። ልጄን መዘነች፣ በሆዷ አስተኝታ አንገቷን ቀና ስታደርግ አየች፤ «ጎበዝ» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ድምፅ ታወጣለች? ስታወሪያት ትመልስልሻለች?»

«ታለቅሳለች» አልኩ።

«ለቅሶውን አይደለም የኔ እናት። አግ፣ እግ እያለች ትጫወታለች ወይ?»

አሰብኩ። ሰምቼ አላውቅም። ነርሷ ከልጄ ራስ ጀርባ ሆና ስትጠራት ልጄ ፈጥና ዞረች።

«ጆሮዋ ደህና ነው። አንቺስ ታወሪያታለሽ?»

ልመልስ አፌን ስከፍት ድምፄ ተሰነጣጠቀ። ከሰው ጋር ካወራሁ ስንት ቀን እንደሆነኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ነርሷ አልተቆጣችኝም። መርፌውን ወግታ፣ ልጄን መልሳ ስታሳቅፈኝ፣ «የፈለግሽውን አውሪላት። ሽንኩርት ስትልጪም ቢሆን ንገሪያት። ከወር በኋላ አምጫትና አያታለሁ» አለች።

ቤት ስገባ አፈርኩ። ሥራ ላይ ሳለሁ የማላውቀውን ሰው ሁሉ «ምን ልርዳዎት?» ስል ኖሬ፣ ለገዛ ልጄ የምናገረው አጣሁ። በመጨረሻ፣ «አሁን ልብስሽን ላጥብ ነው» አልኳት። «ይሄ ሳሙና ነው። ይሄ ያንቺ ካልሲ ነው፤ አንዱ ጠፍቷል።» አፌን አፌን ታየኛለች። በነጋታውም እንዲሁ። ቀስ በቀስ የማወራው በዛ። ስለ ጎፋው ግቢ፣ ስለ እናቴ፣ በአባቷ ስለምናደድባቸው ነገሮች ሁሉ ነገርኳት።

በሳምንቱ በር ተንኳኳ። ጎረቤቴ ነበሩ፤ ከወላይታ የመጡ ጴንጤ ሴት ናቸው፤ ደረጃ ላይ ሰላም ከመባባል በቀር አንተዋወቅም።

«ሰሞኑን ወሬ እሰማለሁ። እንግዳ መጣልሽ እንዴ ልጄ?»

«የለም እትዬ። ልጄን እያወራኋት ነው።»

ሳቁ። ከዚያ ፊቴን ሲያዩ ሳቃቸውን አቆሙ። «ግድግዳው እኮ ስስ ነው» አሉ፤ «ዝም ስትይ ሥራ የምትሄጂ መስሎኝ ነበር።» ገብተው ልጄን ተቀበሉኝና በቋንቋቸው ያናግሯት ጀመር። ልጄ ትክ ብላ አየቻቸው፤ እግሯን አወራጨች፤ «እግ» አለች። ሁለታችንም ሰማናት።

ከዚያ ወዲያ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ብቅ ይሉ ነበር። በአምስተኛው ወር ልጄ ከጀርባዋ ወደ ሆዷ ስትገለበጥ ግን ብቻዬን ነበርኩ። በስድስተኛው፣ ትራስ ተደግፋ ስትቀመጥም ብቻዬን።

አባቷ የመጣው ሰባት ወር ከሞላት በኋላ ነው። በሩን ከፍቶ ሻንጣውን ጥሎ ሊያቅፋት እጁን ሲዘረጋ፣ ጮኸች። አንገቴ ውስጥ ገብታ ተንሰቀሰቀች።

«ምን ሆነች?» አለ።

«ሰው መለየት ጀምራለች። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ነው።»

«እኔ ሰው ነኝ?»

ወራቱን ሁሉ ብቻዬን መሆኔን እንዲያውቅልኝ እፈልግ ነበር፤ እዚያው በር ላይ ክንዱን አንጠልጥሎ ሲቆም ግን ምንም አልቀለለኝም።

አሥር ቀን ቆየ። ሳያቅፋት ወለሉ ላይ ከአጠገቧ እየተቀመጠ ስለ ድንጋይና ስለ ድልድይ ያወራላት ነበር፤ እንደዚያ እንዲያደርግ እኔ ነኝ የመከርኩት። በስምንተኛው ቀን ሱሪውን ይዛ ሳበችው። አልተንቀሳቀሰም፤ እንዳትለቀው ፈርቶ ነው።

ሊሄድ ሲል አዲስ አበባ እንዲያዛውሩት እንዲጠይቅ ለመንኩት። ማመልከቻውን አብረን ጻፍነው። አሁን ልጄ ሶፋ ይዛ ትቆማለች፤ መልሱ ገና አልመጣም።