ለፍላሽ ያስረገጥኩት እጄ

ጎሮ ላይ ፎቅ እንደ እንጉዳይ በሚፈላበት ዘመን፣ የሰርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ማለት እኔ ነበርኩ። ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ አስተማሪ ፊት ተቀምጬ አላውቅም። ኮምፒውተርን በሃምሳ ዓመቴ ፈትቼ እየገጠምኩ፣ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ዲግሪ የጫኑ ከኦሎምፒያ ድረስ እየመጡ ይጠይቁኝ ነበር።

ስህተቴ አንድ ነው፤ ፍላሽ አመንኩ። ኮምፒውተሬ ሲሞላብኝ የአንዲት ሙሽራን ሰርግ ፍላሽ ላይ ገልብጬ ዋናውን አጠፋሁት። ፍላሹን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። ከዚህ የበለጠ ምን ጥበቃ አለ?

በሳምንቱ የሙሽራዋ አባት ሞቱ። የድሮ የጎሮ ገበሬ ነበሩ። ልጃቸውን በኦሮምኛ ሲመርቁ ድምፃቸው የተቀረጸው እዚያ ሰርግ ላይ ብቻ ነው። አርባቸው ሲደርስ ዘመድ እንዲሰማው ብሎ የሙሽራዋ ወንድም ሊወስደው መጣ።

«ጋሼ፣ እስቲ አባባን ልያቸው።»

ፍላሹን ሰካሁት። ኮምፒውተሩ «ፎርማት ይደረግ?» አለኝ።

«ምንድነው?»

«አልከፈት አለ።»

«ሌላ ቦታ አለ አይደል?»

«አጥፍቼዋለሁ።»

ቦክሱ አፌ ላይ አረፈ። የፊት ጥርሴን ከነደሙ ዋጥኩት።

«አንተ ሽማግሌ! አባቴን ዳግም ገደልክብኝ!»

ኮሌታዬን ይዞ ከሱቄ የመስታወት መደርደሪያ ጋር አላተመኝ፤ መስታወቱ ጀርባዬ ላይ ረገፈ። እኔም የዋዛ አይደለሁም፣ አፍንጫውን በቴስታ አፈረጥኩት። ደሙ ኪቦርዱ ላይ ተንጠባጠበ። ፍላሹን መንጭቆ ወለሉ ላይ ወረወረና ሊጨፈልቀው ተረከዙን አነሳ።

አልከፈት ያለ ፍላሽ ሁሉ ባዶ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ተወርውሬ ቀኝ እጄን ከደንኩበት። ተረከዙ ወረደ። ሦስት ጣቶቼ እንደ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበሩ ሰማኋቸው።

«እጅህን አንሳ!»

«አባትህ እዚህ ውስጥ ናቸው! ከፈለግህ ሌላውንም ስበረው!»

ሊደግም ያነሳው እግሩ አየር ላይ ቀረ።

ፍላሹን በግራ እጄ መልሼ ሰክቼ የጠፋ ፋይል የሚፈልገውን ፕሮግራም ከፈትኩ። እሱ አፍንጫውን በሸሚዙ ይዞ መስታወቱ መሐል ተቀመጠ። ከቀኑ አስር ሰዓት ገደማ የአዛውንቱ ድምፅ ወጣ።

«ጋሼ፣» አለ ዝቅ ብሎ፣ «ድምፁን ይጨምሩልኝ።»

እንግዲህ ያደረግሁት ይህ ነው፦

ምርቃቱን አንድ ቃል ሳይጎድል አወጣሁ፤ ጭፈራውና ኬኩ አልተገኙም።
ሲዲ ላይ ጽፌ አንዱን ለሙሽራዋ፣ አንዱን ለወንድሟ ሰጠሁ፤ አንዱን እኔ ዘንድ አስቀመጥኩ።
ፖሊስ አልጠራሁም።
ጣቶቼ እስኪጠገኑ ሁለት ሰርግ በግራ እጄ አቀናበርኩ።
ከዚያ ወዲያ ሁለት ቦታ ሳላስቀምጥ ዋናውን አጥፍቼ አላውቅም፤ የማንም አባት በእጄ አልጠፋም።