ዶማው የቆመበት ቦታ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ቃልኪዳን የጻፈችውን አጭር ልብ ወለድ በቴሌግራም ላከችልኝ። «እትዬ፣ የት ጋ እንደሚደክም ይንገሩኝ፤ እንዴት ላሻሽለው?» የሚል መልእክት ከሥሩ አለ። እንጅባራ ላይ ዝናብና ጉም ሲጥል ኔትወርኩም አብሮ ስለሚጠፋ፣ እየቆራረጠች የላከችው ታሪክ ግማሹ ማታ፣ ግማሹ በማግስቱ ደረሰኝ። ጀግናዋ አልቅሳ ሳትጨርስ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ፀሐይዋ ጠልቃ ሳትጨርስ ጀግናዋ ትሞታለች። ብቻዬን ሳቅሁ። በልጅቷ አይደለም፤ በእሷ ዕድሜ እኔም ማንንም በሕይወት አላስቀርም ነበር።

ያኔ ዳንግላ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። የሥነ ጽሑፍ ክበባችን በወላጆች ቀን አንድ ታሪክ እንዲያቀርብ ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈቀደለት፤ ዕጣው ለእኔ ደረሰ። ርዕሰ መምህሩ ፈቃዱን የሰጡን ግን ከነማስጠንቀቂያው ነው። «ወላጅ እየተነሣ ከሄደ የመጀመሪያችሁም የመጨረሻችሁም ይህ ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመት በቦታው ገመድ ጉተታ ይገባል» አሉን። የክበቡ ልጆች ሁሉ እኔን እኔን ያዩ ጀመር።

እኔ ምን ገዶኝ! ታሪኬ ለጉግሥ ፈረስ ስለተዋሰ ወጣት ነው። ፈረሱ ብቅ እስኪል ግን ንጋቱ አለ፣ ጤዛው አለ፣ የወፎቹ ዝማሬ አለ፣ ልጁ ስለ ፍቅር የሚፈላሰፍበት ረጅም ገጽ አለ። መጨረሻ ላይ ጉግሡ መሃል ወድቆ ይሞታል። ሞት የሌለበት ታሪክ ቁም ነገር ያለው አይመስለኝም ነበር።

ለፋሲካ ዕረፍት አዘና አጠገብ ወዳለው የአክስቴ ቤት ሄድኩ። የአባቴ እህት አክስቴ የሻረግ ጨዋታ ወዳድ ሴት ነበሩ፤ አማርኛቸው ከገበያ ብዙም አያልፍም፣ አገውኛቸው ግን ሰው ያስቆማል። የመስኖ ድንች የሚወጣበት ሰሞን ነበር። ጎረቤት በወንፈል ተጠራርቶ መደዳውን ይዞ ይቆፍራል፤ ድንቹ ከቀዩ አፈር ውስጥ እየተንከባለለ ሲወጣ የሚሸተው የእርጥብ አፈር ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ምሳ ከዚያው ከማሳው ይቀቀላል፤ ልጣጩ እየተገፈፈ በድቁስ ይበላል፣ አሬራ ይጠጣበታል። ከዚያ ወዲህ ስንት ድግስ በልቻለሁ፤ ያንን ድንች የሚያህል ግን አልቀመስኩም።

«የከተማዋ ልጅ ጽፋለች አሉ፤ እስቲ አንብቢልን» አሉኝ አክስቴ። ወረቀቴን ይዤ ጉብታ ላይ ወጣሁና ድምፄን አሳምሬ አነበብኩ። ዶማው ግን ፋታ የለውም፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። ንጋቴን ቆፈሩት፣ ጤዛዬን ቆፈሩት፣ ወፎቼንም አልማሩልኝ። አንድ ጎረቤት እንደውም እያዛጋ ነበር።

«በይ ወረቀቱን አስቀምጪውና በኛው ቋንቋ ንገሪን» አሉ አክስቴ።

በአገውኛ ልጀምር አፌን ስከፍት ንጋቱ ከየት ይምጣ! ቃሉ ጠፍቶኝ አይደለም። በቤታችን ቋንቋ ስናወራ የኖርነው ጥጃው ገመዱን በጠሰ፣ እገሌ መጣ፣ እገሊት ተቆጣች ነው፤ በዚያ አንደበት አክስቴ ፊት ስለ ጤዛ መራቀቅ አሳፈረኝ። ስለዚህ «አንድ ልጅ የጎረቤቱን ፈረስ ተዋሰ» አልኩ።

አንድ ዶማ ቆመ። «የማንን ፈረስ?» አለ ሲያዛጋ የነበረው ሰውዬ። «ለምን፣ የራሱ የለውም?» አለች ሌላዋ። እኔ ይህን መቼ አስቤ አውቄ! እዚያው ፈጠርኩ፤ የልጁ አባት ፈረስ ክረምት ላይ ሞቷል፣ ባለፈረሱ ደግሞ ለገዛ ልጁ እንኳ የማያስነካ ኮስታራ ሽማግሌ ነው አልኩ። በጉግሡ ዋዜማ ፈረሱ አነከሰ ስል ዶማው ሁሉ ጸጥ አለ። ልጁ ስለ ፍቅር ማሰብ ሲጀምር ቁፋሮው ቀጠለ። ደንግጬ ወደ ፈረሱ ተመለስኩ፤ ቆመ። ነገሩ ገባኝና እንደ ጨዋታ ያዝኩት፤ ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ሰው በአፌ ሲቆምና ሲሄድ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

በመጨረሻ ልጁን ገደልኩት። አክስቴ ዶማቸውን ተደገፉ።

«ገደልሽው?»

«አዎ፣ አክስቴ።»

«ምን አደረገሽ?»

እውነትም ምንም አላደረገኝም።

«በይ ልጁ ተነሥቶ ካልሄደ አንቺም ምሳ የለሽም!» አሉ፤ ማሳው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ምክሩ ወረደልኝ። አንዱ ሽማግሌውን ጅብ ይብላው አለ፣ አንዷ ፈረሱ አፍ አውጥቶ ይናገር አለች፣ አክስቴ ፈረሱን ጠበል ውሰጂው አሉ። አንዱም አልረባኝም። ዶማ ያቆሙበትና ያነሡበት ቦታ ግን አንዱም አልዋሸኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ለጽሑፍ የማውቀው ምክር ይኸው ነው፤ አድማጭ ታሪክሽን የት ጋ እንደሚያመው ያሳይሻል፣ መድኃኒቱን ግን ራስሽ ትፈልጊያለሽ።

በማግስቱ እንደገና ጻፍኩት። አሁን ልጁ አይጋልብም። ሌላው በሚሽቀዳደምበት ሜዳ መሃል፣ የሚያነክሰውን ፈረስ የጌጥ ልብሱን ግላሱን እንዳለበሰው በልጓሙ እየሳበ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ እስከ ባለቤቱ ደጃፍ ይሄዳል። ሽማግሌው ይወጣል። ልጁን ቀና ብሎም አያየው፤ ጎንበስ ብሎ የፈረሱን እግር ያነሣል። እዚያ ላይ አቆምኩ።

የወላጆች ቀን ሰማዩ ጠቁሮ ዋለ። አክስቴ ከመኪና መናኸሪያው ድንች የሞላ ጆንያቸውን በጋሪ አስጭነው መጡና ከፊት ተቀመጡ። ተራዬ ሲደርስ ማካፋት ጀመረ፤ ርዕሰ መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ፣ ከፊት ያሉ አንድ ሰውዬ ሊሄዱ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «አንድ ልጅ የጎረቤቱን ፈረስ ተዋሰ» ብዬ ጀመርኩ። ሰውዬው ጋቢያቸውን እንደያዙ ቀሩ። ዝናቡ በረታ፤ የተነሣ ግን አልነበረም።

ስጨርስ የተነሡት አክስቴ ናቸው። በአማርኛ ካነበብኩት ግማሹ እንኳ ገብቷቸው እንደሆነ እንጃ። «ሽማግሌው ሴት ልጅ የለውም?» አሉ በአገውኛ፣ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ። «አለው!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «እንግዲያው ድሮለታል!» ብለው ተቀመጡ። የገባው ላልገባው ሲያስረዳ፣ ይድርለታል አይድርለትም የሚለው ክርክር ዝናቡ ውስጥ ደራ። ርዕሰ መምህሩ ሰዉን ዝም ማሰኘት አቅቷቸው እየሳቁ ጆሮዬ ሥር መጡና «ለሚቀጥለው ዓመት ሁለት አዘጋጁ» አሉኝ። ያን ቀን ጥላ እያለኝ ሳልዘረጋው፣ ረስርሼ ቤቴ ገባሁ።

ትናንት ቃልኪዳንን በባጃጅ ወደ ዘንገና ሐይቅ ይዣት ሄድኩ። «ስልኩን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺና ንገሪኝ» አልኳት፤ ነገረችኝ። የት ጋ ዐይኔ ወደ መንገዱ እንደሸሸ ራሷ አየችው። ቀጥዬ ይህንኑ የፈረስ ታሪክ ማን እንደጻፈው ሳልናገር አወራኋት። የፈረሱ እግር ሲነሣ ላይ ስደርስ ባለባጃጁ ዘወር አለ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይሄ እኮ የሆነ ነገር ነው። ልጁ የጥሊሊ ሰው ነው። ሽማግሌው ሴት ልጁን ድሮለታል፤ እናቴ ናት የነገረችኝ።»

ቃልኪዳን ታሪኩ የእኔ እንደሆነ ገብቷት ኖሮ እንዳርመው አየችኝ። የእኔ አጨራረስ እንደሚሻል ዛሬም አምናለሁ። ግን ያ በዝናብ የተነበበ ታሪክ እኔን ረስቶ፣ አክስቴን ረስቶ፣ አገር ለአገር ሲዞር ኖሮ ባጃጅ ውስጥ ሲያገኘኝ፣ ከዚህ ሌላ አንድ ጸሐፊ ምን ይመኛል? ደስታው እንባዬን አመጣው።

«አውቃለሁ ልጄ» አልኩት፣ «ሠርጉ ላይ እኔም ነበርኩ።»