በሁሉም ላይ የእኔ ስም

ወደ ሆላንድ ለመሄድ ከቦንጋ የወጣሁት ገና ሳይነጋ፣ ዝናብ እያካፋ፣ በጅማ ሚኒባስ ነው። ጋሽ ማሞ የማንኪራ ማር በጠርሙስ ይዘው መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። "እዚያ ብርድ ነው አሉ፤ ጉሮሮሽን ያሞቅልሻል" አሉኝ። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። ስለ መንገዱ ስትጠይቁኝ ይህን ከቤተሰብም ከጓደኛም ለማናችሁም አልነገርኳችሁም።

እኔ በአንድ የውሃ ፕሮጀክት ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ፤ እሳቸው የእጅ ፓምፕ ጠጋኝ። ዋጫም ሆነ ማንኪራ፣ በየገጠሩ ፓምፕ ሲበላሽ ኮምፒውተር ላይ የብልሽት መዝገብ ይከፈታል፤ የሄደው ሰው ምን እንዳገኘና እንዴት እንደጠገነ በስሙ ይጽፍበታል። ጋሽ ማሞ ከጭቃ ተመልሰው በሁለት ጣት ፊደል እየለቀሙ ስንቱን ጽፈዋል!

አዲስ ሰርቨር መጣና መዝገቡን አዛውሪ ተባልኩ። የመዝገቦቹን ብዛት ከአሮጌው ጋር አስተያየሁ፤ ልክ ነው። ሌላውን ሳልፈትሽ አሮጌውን ሰርቨር ደመሰስኩት። በማግሥቱ ስከፍት ጽሑፉ ሁሉ አለ፤ የጻፉት ሰዎች ስም ግን አልተሻገረም። ያዛወርኩት እኔ ስለሆንኩ ሲስተሙ በሁሉም ላይ የእኔን ስም አስገብቶበታል።

ልናገር ነበር። ግን በዚያው ሳምንት ግምገማ ላይ ኃላፊያችን ከመዝገቡ የወጣውን ሪፖርት ከፍ አድርጎ፣ "ይህን ሁሉ የሠራች እሷ ናት!" አለ። ተጨበጨበልኝ። ጋሽ ማሞም አጨበጨቡ። ዝም አልኩ። ሆላንድ የትምህርት ዕድል ያገኘሁት በዚያ ሪፖርት ነው።

የቦንጋ ዝናብ ቆርቆሮውን ደብድቦ፣ መጣሁ ብሎ ነው የሚመጣው፤ የሆላንዱ ሳይሰማ ያበሰብሳል። የአገሩ ሰዎች ምሳ ቀዝቃዛ ዳቦ ነው፤ ትኩስ ቆጮ በጎመን በህልሜ መጣብኝ። ቤት አከራዬ፣ "የሚሸት ነገር ታበስያለሽ?" አለኝ።

"ምግብ አበስላለሁ።"

"እሱን ማለቴ ነው።"

ሄሜንተ በሚሉት ማዘጋጃ ቤታቸው ጸሐፊዋ የቤተሰብ ስም ጠየቀችኝ። የአባቴ ስም ብቻ ነው ያለኝ ብላት፣ "እንግዲያው በእሱ ትጠሪያለሽ" አለች።

"እሱ እኮ ሌላ ሰው ነው!"

"ኮምፒውተሩ ግድ የለውም።"

ተመርቄ ሆላንድ ሥራ ስይዝ መጀመሪያ የተሰጠኝ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የብልሽት መዝገብ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ማዛወር። አለቃዬ፣ "መጀመሪያ የሰዎቹን ስም አንድ በአንድ አዛምጂ። ከዚያ በሙከራ አዛውሪ። የጻፉት ሰዎች ራሳቸው አይተው ልክ ነው ሳይሉ አሮጌው አይነካም" አለችኝ።

"ስም ቢጠፋስ?" አልኳት፣ እንደማላውቅ ሆኜ።

"የአንዱ ልፋት ለሌላው ይሰጣላ!"

እሑድ ለጋሽ ማሞ ደወልኩ።

"እንኳን ደወልሽ፣ ልጄ" አሉ፣ ገና ድምፄን ሲሰሙ። "ለእድገት ተወዳድሬ ነበር። መዝገቡ ላይ የሠራኸው የለም ብለው መለሱኝ። አዲሶቹ ኃላፊዎች አያውቁኝም። ያንቺ ስም ግን በሁሉም ላይ አለ፤ ማሞ አብሮኝ ሠርቷል ብለሽ ብትጽፊልኝ ይታመናል።"

አብሮኝ! "ጋሽ ማሞ፣ ስምዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እያወቅኩ ዝም አልኩ።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" አልኩ።

"አለሁ። ያጨበጨብኩልሽ ቀንም ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እንግዲያው ይህንንም ጻፊው" ብለው ዘጉት።

ምንም ሳላስቀር ለቢሮው ጽፌ ላክሁ። እድገቱን ያግኙ አያግኙ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እደውላለሁ፤ ስልካቸው ይጠራል፤ አያነሱም።