ማን ነበር የሚቀዝፈው?

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በተወለድኩበት ከተማ፣ በአርባ ምንጭ ነው። አብረውኝ የተማሩት ጎንደርና ጅማ ተመድበው፣ ሻንጣቸውን አስረው፣ መናኸሪያ ድረስ ተሸኝተውና ተለቅሶላቸው ሄዱ። እኔ ፍራሼን በባጃጅ ጭኜ ከሰፈሬ ከሲቀላ ተነሳሁና ግቢው በር ላይ ወረድኩ። ማንም አላለቀሰም። እናቴ እንዲያውም «ቅዳሜ ስትመጪ የሚታጠበውን ይዘሽ ነይ» ነው ያለችኝ።

የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምረጤን የሰሙ ጎረቤቶች ግራ ገባቸው። አንዱ «አስጎብኚ ልትሆኚ ነው?» አለኝ። ሌላዋ «እንግሊዝኛውንማ ድሮም ትችይው የለ እንዴ፣ አራት ዓመት ምን ሊጨምርልሽ ነው?» አለች። እኔ ደግሞ ከመልስ በፊት ቁጣ ይቀድመኛል። «ልብ ወለድ ልጽፍ ነው!» ብዬ ጮህኩባቸው። የቸርቻችን አንድ ሽማግሌ ይህን ሰምተው አባቴን «ውሸት ለመጻፍም ዲግሪ ያስፈልጋል?» ብለው ጠየቁት። አባቴ ሳቀ።

የፈጠራ ጽሑፍ ኮርስ የደረሰን በመጨረሻው ሴሚስተር ነው። እስከዚያ የሌላ ሰው ድርሰት እያነበብን፣ ደራሲው እዚህ ጋ ለምን ዝናብ አዘነበ እያልን ስንተነትን ነው የከረምነው። መምህራችን ወጣት ነው፤ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ መጥቶ የአርባ ምንጭን ሙቀት መልመድ ያቃተው። እጅጌውን ጠቅልሎ የመጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጥና ያዳምጣል። ሕጉ አንድ ነበር። ጽሑፉን ያነበበ ተማሪ አንብቦ ሲጨርስ ዝም ይላል፤ ሌሎቹ ይጠይቃሉ። ጸሐፊው አይመልስም፣ አያስረዳም፣ አይከራከርም። «መልሱ ወረቀቱ ላይ ከሌለ፣ የለም ማለት ነው» ይለን ነበር። እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ሕግ ሳይሆን ቅጣት ነው።

የመጀመሪያው አሳይመንት «ቤታችሁ ውስጥ እየተደጋገመ የሚነገር ታሪክ ጻፉ» የሚል ነበር። ሌሎቹ ጭንቅላታቸውን ሲያኩ እኔ በሆዴ ሳቅሁ። የእኔ ተጽፎ ያለቀ ነበር ማለት ይቻላል፤ የአባቴ ምስክርነት።

አባቴ ወንጌላዊ ነው። እኔ ከመወለዴ በፊት ግን ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ከሐይቁ ወጥቶ እንዴት ጌታን እንዳገኘ የሚናገረው ምስክርነት በኛ አካባቢ የታወቀ ነው፤ እሱን ለመስማት እስከ ካምባ ድረስ ይጋብዙታል። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስለሰማሁት የት ላይ መሐረቡን እንደሚያወጣ እንኳ አውቃለሁ።

«ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ላይ ነኝ» ብሎ ይጀምራል። «መረቤን እየዘረጋሁ ነው። ጉማሬ ከሥር ተነስቶ ጀልባዋን ገለበጣት። መረቡ እግሬን ተበተበኝ። ሰጠምኩ። ውሃው ውስጥ ሆኜ ‹ጌታ ሆይ፣ ካወጣኸኝ የቀረው ዕድሜዬ ያንተ ነው› አልኩ። ያን ጊዜ እጅ መጣ። ያዘኝ። ዓይኔን ስገልጥ ዳር ላይ ነኝ።» «እጅ መጣ» ሲል ሁልጊዜ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ይዘረጋል፤ ጉባኤው እልል ይላል።

ይህንኑ በእንግሊዝኛ ጻፍኩት። እልልታውን አውጥቼ ጭጋግ ጨመርኩበት፣ ወፎችም ጨመርኩበት። ክፍል ውስጥ አንብቤ ስጨርስ ፀጥ አሉ። በጣም ስለነካቸው ነው ብዬ ኮራሁ። ከዚያ ከዝዋይ የመጣ ልጅ፣ ብዙም የማይናገር የክፍላችን ተማሪ፣ እጁን አወጣ።

«ማን ነበር የሚቀዝፈው?» አለ።

ሁላችንም ዞረን አየነው። እሱ ሐይቅ ዳር ነው ያደገው፤ አባቱም አጥማጅ ነው። ረጋ ብሎ አስረዳን። መረብ የሚዘረጋ ሰው ሁለቱም እጆቹ መረቡ ላይ ናቸው። ሌላ ሰው ደግሞ ከኋላ ቀስ እያለ ይቀዝፋል፤ አለበለዚያ ነፋሱ ጀልባዋን ያዞራትና መረቡ ይጠማዘዛል። «ብቻውን መረብ የሚዘረጋ ሰው እኔ አይቼ አላውቅም» ብሎ ጨረሰ።

የጫሞ ሰዎች እንደናንተ ሰነፎች አይደሉም ልለው አፌን ስከፍት መምህሩ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ተቀመጥኩ። የተናደድኩት ግን በልጁ አልነበረም። ሃያ ምናምን ዓመት የሰማሁትን ነገር እሱ አንድ ጊዜ ሰምቶ ያየውን እኔ አለማየቴ ነው ያበገነኝ። ጫሞ ዳር ስንቴ ሄጃለሁ፤ ጀልባዎቹ ሁለት ሁለት ሰው ይዘው ሲገቡ ስንቴ አይቻለሁ።

መምህሩ ወረቀቴ ላይ «ጥያቄው ትክክል ነው፤ የመጨረሻውን ቅጂ ስታስረክቢ መልሽው» ብሎ ጻፈበት። እኔም ቀዛፊ ፈጠርኩ። ጢም አበቀልኩለት፣ የሚያንጎራጉረው ዘፈን ሰጠሁት፣ ከዚያ አሰጠምኩት። ካልሰጠመ አባቴ ለምን አንድ ቀን እንኳ አላነሳውም? መምህሩ አንብቦ «ይህን ሰውዬ አላመንኩትም» አለኝ።

እኔ ግን ያንን የፈጠርኩትን ሰው እያመንኩት መጣሁ። እውነት ሰጥሞ ቢሆንስ? አባቴ እጁን ዘርግቶ ጌታ አወጣኝ የሚለው፣ ሌላ ሰው ሐይቅ ውስጥ ጥሎ ወጥቶ ቢሆንስ? ይህ ሐሳብ አንዴ ከገባብኝ በኋላ መጽሐፍ ስከፍትም ምሳ ስበላም አልለቅ አለኝ። አባቴን እወደዋለሁ። ፈራሁ።

ቅዳሜ ቤት ስሄድ አባቴ ማንጎው ሥር ተቀምጦ የቸርቹን የተሰበሩ ወንበሮች ምስማር ይመታል። እናቴ አጠገቡ ሀለኮ የምንለውን የሽፈራው ቅጠል ከዘንጉ ትለቅማለች። አጠገባቸው ደግሞ እንደ ሁልጊዜው ቅዳሜ ዓሣ የሚያመጣልን ሰው ነበር። ይህ ሰው የአባቴ እኩያ ነው፤ እኔ ጋሼ እለዋለሁ። እስካሁን ሐይቁን አልተወም፣ አረቄውንም አልተወም። እናቴ አረቄው ስለሚሸታት ከበረንዳው አታሳልፈውም፤ አባቴ ግን ሳይበላ አይሸኘውም። እናቴ በየሳምንቱ ቸርች ና ትለዋለች፣ እሱም በየሳምንቱ «የሚቀጥለው እሁድ» ይላል። የተማረች ናት ብሎ ከእኔ ጋር የሚያወራው በጋሞኛ ሳይሆን በአማርኛ ነው። አማርኛ ሲናገር ግን ወንድና ሴት ስለሚቀላቀልበት «የኔ ፈረንጅ፣ መጣህ?» ይለኛል።

እሱ በልቶ እስኪሄድ ጠበቅሁ። ከዚያ አባቴን «ያኔ ጫሞ ላይ ማን ነበር የሚቀዝፍልህ?» አልኩት።

መዶሻው አየር ላይ ቀረ። «ከጌታ በቀር ማንም አልነበረም» አለ።

«ታዲያ ጌታ ነው ሲቀዝፍ የነበረው?»

እንዲህ ማለት አልነበረብኝም። እንደነገርኳችሁ ቁጣ ይቀድመኛል። አባቴ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠና «እዚያ የላክንሽ ጌታን እንድትመረምሪ ነው?» አለኝ። ቀጥሎም «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብሎ ተነስቶ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ብቻ ሆነ። ቅዳሜ ስመጣ ደህና ነሽ ይለኛል፣ ደህና ነኝ እለዋለሁ፣ ወንበሩን መምታት ይቀጥላል።

እናቴ ቅጠሏን እየለቀመች «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። አንቺ ደግሞ ችኩል ነሽ» አለችኝ። ታውቂያለሽ እንዴ ስላት ቅጠሉን አንስታ ወጥ ቤት ገባች።

ድርሰቱን የሰጠመውን ሰውዬ እንደያዘ አስረከብኩት፤ ቢ አገኘሁበት። የተመረቅሁትም ከአባቴ ጋር እንደተኳረፍኩ ነው። ፎቶው ላይ ጥቁር ጋውን ለብሼ በመሐላቸው ቆሜአለሁ፤ እናቴ እኔን ታያለች፣ አባቴ ካሜራውን ያያል።

ማግስቱን ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተክሎ የምስጋና ፕሮግራም ተደረገ። የቸርቹ ሰዎች መጡ፤ ከክፍል ጓደኞቼ አገራቸው ያልሄዱት፣ የዝዋዩም ልጅ ጭምር፣ መጡ። ዓሣ የሚያመጣልንን ጋሼን የጠራሁት ራሴ ነኝ። የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ ድንኳኑ መግቢያ አጠገብ ተቀመጠ። ሚሪንዳ ሰጠነው፤ ጠርሙሱን ይዞ በሐዘን ያየዋል።

ከጸሎቱ በኋላ ፓስተሩ አባቴን «በዚህ ቀንማ ምስክርነቱን ሳንሰማ አንበላም» አለው። ሁሉም አጨበጨበ። አባቴ ተነሳ። እንደ ልማዱ ሰዉን በዓይኑ ከዳር እስከ ዳር ቃኘና ድንኳኑ መግቢያ ላይ ሲደርስ ቆመ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጋሼ ቸርች ገብቶ አያውቅም። ምስክርነቱን አንድም ቀን ሰምቶት አያውቅም።

አባቴ ጀመረ። ለእንግዶቹ ሲል በአማርኛ ነበር የሚናገረው። «ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ላይ ነኝ። መረቤን እየዘረጋሁ ነው...» አለና መሐረቡን አወጣ፤ መሐረቡ የሚወጣበት ቦታ ግን ገና ነበር። አንዲት እናት ሊያግዙት ብለው «ሃሌ ሉያ!» አሉ። አልቀጠለም።

«ልጅህ የጠየቀችህን መልስላት» አለች እናቴ ከተቀመጠችበት። «ማን ነበር የሚቀዝፈው?»

«እሱ ነበር» አለ አባቴ። ቀኝ እጁን ዘረጋ፤ ወደ ላይ ግን አይደለም፣ ወደ መግቢያው ነው። «ሁለታችንም ሌሊቱን ስንጠጣ አድረን ነበር። ያወጣኝ እጅ የሱ እጅ ነው፤ አረቄ ይሸት ነበር። መጀመሪያ ቀን ቸርች ላይ ስቆም የጌታ እጅ አረቄ ይሸታል ማለት አፈርኩ። ዘለልኩት። በሁለተኛው ቀን መዝለሉ ቀለለኝ። ከዚያ በኋላ እንደሌለ ሆነ። ስንት ዓመት ዓሣ ሲያበላኝ...» በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አባቴ እንደ ልጅ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሰው ሁሉ ወደ መግቢያው ዞረ። ጋሼ ሚሪንዳውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እኔ እኮ ዋኝቼ ከወጣሁ በኋላ የተመለስኩት ለመረቡ ነው» አለ። «መረቡ የተዋስነው የሰው መረብ ነበር። ስጎትተው ከበደኝ። ትልቅ ዓሣ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ጎተትኩ፣ ጎተትኩ፣ ሲወጣ እሱ ሆነ።» ራሱን ነቀነቀ። «እውነቱን ለመናገር ትንሽ አዘንኩ።»

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ፓስተሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የዝዋዩ ልጅ እያጨበጨበ ሳቀ። አባቴም እንባውን ሳይጠርግ ሳቀ፤ ሄዶም ጋሼን አቅፎ አንገቱ ሥር ገባ። ሲመለስ በእኔ በኩል አለፈና ትከሻዬን ጨበጥ አደረገኝ። እርቃችን ያ ነው።

ሲመሽ ጋሼን ዳቦ በፌስታል ቋጥሬ እስከ አስፋልቱ ሸኘሁት። ባጃጅ ስንጠብቅ «ግን እውነት ለመረቡ ነው የተመለስከው?» አልኩት።

«መረቡንማ በቢላ ቆራርጬው ነው አባትህን ያወጣሁት» አለኝ። «እግሩን ተብትቦት አልለቅ አለ። ምን ላድርግ?»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አልክ?»

«አባትህ በሰው ፊት አለቀሰ እኮ» አለ፤ ባጃጁን በእጁ እየጠራ። «ይሳቁ ብዬ ነው።»

አባቴ አሁን ምስክርነቱን ሲሰጥ ቀዛፊውን አይዘልም። መረቡ ጋ ሲደርስ የጋሼን ንግግር እንዳለ ይደግመዋል፤ «ትንሽ አዘንኩ» ሲል ሰው ሁሉ ይስቃል፣ ከሁሉም በላይ እሱ ይስቃል። ስለ ቢላው አልነገርኩትም። አብሬው እስቃለሁ።