የማይሮጡለት ደወል

ናምጉንግ ሄ-ሱክ፣ የሃምሳ አንድ ዓመት ሴት፣ በደቡብ ኮሪያ በዴጉ ከተማ በአንድ ሆስፒታል የሳንባ ሕሙማን ክፍል አንጋፋ ነርስ ነበረች። ሙያዋን አሳምራ ታውቅ ነበር፤ ጀማሪዎችን ግን ትንቃለች። በሆስፒታሎቻችን አንጋፋው ጀማሪውን በስድብ የሚገራበት ልማድ አለ፤ «ማቃጠል» እንለዋለን። እሷም በወጣትነቷ ተቃጥላለች፤ ተራዋ ሲደርስ ያለ ርኅራኄ አቃጠለች።

ፒዮ ቦ-ራ የተባለች ጀማሪ የሕመምተኛ ደወል በጮኸ ቁጥር ስትሮጥ ሄ-ሱክ አየችና በባልደረቦቿ ፊት አቆመቻት።

«አንቺ! ነርስ ነሽ ወይስ የምግብ ቤት አስተናጋጅ?»

«ጨነቀኝ ሲሉኝ ነው፣ ሲስተር...»

«ጨነቀኝ ቁጥር አይደለም! የኦክስጅኑ ቁጥር ካልወረደ ከወንበርሽ እንዳትነሺ።»

ቦ-ራ ጎንበስ ብላ ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ ወዲያ አልሮጠችም።

የኮሮና ወረርሽኝ ከተማዋን ሲያጥለቀልቅ ሄ-ሱክ ራሷ ታመመች፤ የተኛችውም በገዛ ክፍሏ ነው። የቀረበላትን የሩዝ አጥሚት ሳትቀምስ መለሰች፤ አንሶላው በወጉ አልተወጠረም ብላም ተቆጣች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ደረቷ ተጨምድዶ አየር አጠራትና ደወሉን ተጫነች። ከአልጋው ራስጌ ባለው የድምፅ መነጋገሪያ የመለሰችላት ቦ-ራ ነበረች።

«ምን ፈለጉ፣ ሲስተር?»

«አየር አጠረኝ። ነይ!»

«እዚህ ስክሪኑ ላይ ቁጥርዎ ደኅና ነው።»

«ቁጥሩን ተዪውና ነይ እንጂ፣ አንቺ ደንቆሮ!»

«ጨነቀኝ ቁጥር አይደለም ብለውኝ የለ? ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

መነጋገሪያው ተዘጋ። ሄ-ሱክ ጣቷን መልሳ ደወሉ ላይ አኖረች፤ አልተጫነችውም። ደወል የሚያበዙ ሕመምተኞችን በሻይ ሰዓት ምን እያለች ስትስቅባቸው እንደኖረች ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ቁጥሩ ያሽቆለቆለው ራሷን ልትስት ስትቃረብ ነው። ቦ-ራ የመከላከያ ልብሱን ለብሳ እስክትገባ የሄ-ሱክ ከንፈር ጠቁሮ ነበር።

አልሞተችም። ለመተንፈሻ ጉሮሮዋ ውስጥ የገባው ቱቦ ሲወጣ ግን ድምፅዋ ሻክሮ፣ ሳንባዋም ደረጃ የማያስወጣ ሆኖ ቀረ። የሆስፒታሉ ኃላፊ አልጋዋ አጠገብ መጥቶ፣ «ያቺ ልጅ ቸል ብላዎት ነበር? ቃልዎን ይስጡና ዛሬውኑ እናባርራታለን» አላት። ቦ-ራ በሩ ላይ ቆማ ትመለከታታለች፤ በፊቷ ላይ ጸጸት የሚባል ነገር አልነበረም። ሄ-ሱክ ብትከስሳት የገዛ ትምህርቷን መክሰሷ ነው፤ ዝም ብትል ደግሞ ለሚቀጥለው ሕመምተኛ ደወልም የሚሮጥ አይኖርም።

አንባቢ ሆይ፣ አንተ በዚያ አልጋ ላይ ብትሆን ጥፋተኛው ማን ነው ስትባል የማንን ስም ትጠራ ነበር?